የጨው ውሃ አረም

ወንድሜ ይበልጣል ጅቡቲ ሲመላለስ
ባሕርን በጄሪካን ጭኖ አመጣልኝ፣ እስከ ሽምብጥ ድረስ።
ድንጋይም ጨመረ፣ ነፍስ ያለው ድንጋይ፣
ቀዳዳው ውስጥ ሆኖ አንድ ነገር የሚያይ፤
ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች፣ በላስቲክ ተቋጥረው
ጋቢናው ውስጥ በጃኬቱ ተጠቅልለው አድረው
ቤቴ ገቡ።

ስሟ ባሕር ዳር ነው፣ ጨው የላትም ከተማዬ፤
የጨው ባሕር ያለኝ እኔ ነኝ፣ መቶ ሊትር፣ ከሶፋዬ
ጎን፣ መስኮቱ ሥር።
የመጀመሪያውን ወር ጎረቤት ጫማውን እያወለቀ ገባ፤
ኮራሉ እጁን ሲዘረጋ፣ ሲያጥፍ፣ እንደ አበባ፣
ቴሌቪዥኑን አጥፍተን እሱን አየን።

በሁለተኛው ወር አንዲት ክር ታየች፣
አረንጓዴ፣ ቀጭን፤ ታምራለች ብዬ ተውኳት፣ ቆየች።
ክሯ ቅንድብ ሆነች፣ ቅንድቡ ሪዝ ሆነ፣
ሪዙ ጢም አወጣ፣ ጢሙ ተጎነጎነ፤
ድንጋዬ ባሕታዊ መሰለ፣ ፊቱ እስኪጠፋ፣
ኮራሉም እጁን ሰበሰበ፤ እንደ ሰው ተከፋ።
"ዋቅላሚ ነው" አለኝ የዓሣ ምርምሩ አቶ ጓዴ፣
"ሐይቁን እንቦጭ ያዘው፤ ያንቺን ይሄ አረንጓዴ።"

የጥርስ ክሊኒክ ነው ሥራዬ፤ ቀን ታርታር እፍቃለሁ፣
ማታ በብሩሽ (በሌላ ብሩሽ!) ድንጋይ ላይ አጎነብሳለሁ።
ስፍቀው ይበተናል፣ ሲበተን ይበዛል፣
ካንዱ ስነቅለው ሦስት ቦታ ይይዛል።
የቧንቧ ውሃ ተውኩ፤ ከላብራቶሪ የተጣራ ገዛሁ።
መብራቱን ከዐሥር ሰዓት ወደ ስድስት ቀነስኩ፣ መስኮቱን ጋረድኩ።
ሦስት የባሕር ቀንድ አውጣ ቀጠርኩ፣ ያለ ደሞዝ፤
አንዱ ሞተ፣ ሁለቱ ለገሙ።
መብራት የጠፋ ለት ውሃውን በጭልፋ እያማሰልኩ አደርኩ፤
መብራቱ ሄደ፣ አረሙ አልሄደም።

አቶ ጓዴ በስልክ፦ "ሥሩን ምን አስቆፈረሽ?
አረም የሚያድገው ቀለብ ስላለው ነው፤ ቀለቡን ቁረጪው፣ ታያለሽ።
ለዓሦቹ አንድ ቀን እየዘለልሽ፣ በጥፍር ጫፍ ብቻ።
ከዚያ ሦስት ቀን ጨለማ።"

ያን ሰሞን አባቴ መጣ፣ ከደንበጫ፣
የዓይኑን ሞራ ሊያስገፍፍ።
የሚያየው ጭጋግ ነው፤ ፓምፑን በጆሮው አገኘውና
"ወንዝ አስገባሽ ቤት?" አለኝ፣ ወንበሩን ስቦ ተጠጋና።
ነገርኩት፣ ስለ ጨለማው፣ ስለ ቀለቡ፤
"ዓሣ ይጾማል እንዴ?" አለ። ነገር የያዘ መሰለኝ በልቡ።

የራሱን ጋቢ አልብሼ ገንዳውን ሸፈንኩት።
አንድ ሌሊት።
ሁለት ሌሊት።
በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ወስጄ፣ ማታ ቤት መለስኩት፣
ዓይኑን በነጭ ፋሻ ጋርደውት።
ሳሎኑ ውስጥ ሁለት የተሸፈኑ ነገሮች አደሩ፤
አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ ይንፎለፎላል።

በማግስቱ ሁለቱም ተገለጡ።

ጋቢውን ሳነሣ ከጠርዙ የዳቦ ፍርፋሪ ረገፈ።
አሸዋው ላይም ዳቦ፣ ነጭ፣ ያበጠ።
"አባዬ?"
አልካደም። "ጨለማ ውስጥ ያለ ይርበዋል፣ ልጄ፤
እኔ አውቀዋለሁ። ሌሊት ተነሥቼ፣ በዳበሳ፣ በእጄ…"
አዲሱን ዓይኑን ወደ መስታወቱ አዞረ።
"ይሄማ አረም ነው!" ተቆጣ። "ማን ነው ያዳበረው?"
ዝም አልኩ።
ዝምታዬን ሰማና ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ፣
ማልቀስም ተከልክሎ ነበር።

ጎንበስ እንዳይል ብለውታል፤ ድንጋዩን ከነጨው ውሃው
በሳፋ አውጥቼ ጭኑ ላይ አኖርኩለት።
የጤፍ ማሳ ያረሙት ሁለት ጣቶቹ
ከሥር ይይዛሉ፣ ሳይቸኩሉ ይስባሉ፣
ሳይበትኑ ያስቀምጣሉ።
ብሩሽ የማያውቀው ይህን ነው።
ጣቱን ላሰና፦ "አባቴ ላንድ አሞሌ ስንት ገበያ ዞሯል፣
አንቺ ዓሣ ታዋኚበታለሽ!"

ጨርሶ አልጠፋም። ከፓምፑ ጀርባ አንዲት ክር አለች፤
አያታለሁ፣ ታየኛለች።
ኮራሉ አንድ እጁን ዘርግቷል፤ ሌላውን ገና እያሰበበት ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከደንበጫ ይደውላል። ስለ ዓይኑ ስጠይቀው
"ተይው እሱን" ይላል። "በሉ?"
ቀለብ የሌለበት ቀን ነው።
"በሉ፣ አባዬ" እላለሁ፤ "ጠግበዋል።"